የተፈጨ ሥጋ፦ ከመግዛት እስከ መጥበስ

የተፈጨ ሥጋ ስገዛ መጀመሪያ የማየው ስቡን ነው። ለበርገር 20 በመቶ ገደማ ስብ ያለው የበሬ ሥጋ ይሻላል። «ጤናማ ነው» ብላችሁ 5 በመቶውን ከወሰዳችሁ በርገሩ ደርቆ ያርፈዋል። እሱ ለሾርባና ለስጎ ይሁን፤ እዚያ ፈሳሹ ያግዘዋል። የበግ ሥጋ ጠረኑ ጠንከር ስለሚል ከሙንና ናና ይስማማዋል። የዶሮው ለብቻው ብዙም ጣዕም የለውም፤ ነጭ ሽንኩርት አትንፈጉት።

ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ግራጫ ቢሆን አትደንግጡ። ውስጡ አየር ስላላገኘ ነው። ሽታው ከተቀየረ ወይም እጅ ላይ ካሟለጨ ግን ያለ ክርክር ጣሉት። ፍሪጅ ውስጥም ከ2 ቀን በላይ አታቆዩት፤ ካልደረሳችሁበት ፍሪዘር አለላችሁ።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው አጠባበሱ ላይ ነው። መጥበሻው በደንብ ይጋል። ሥጋው ሲያርፍበት «ችስስ» ካላለ ገና ነው። ሳሳ አድርጋችሁ ዘርጉትና ተዉት፤ እጃችሁን ሰብስቡ! አንድ ላይ ከከመራችሁት ውሃ ያወጣና ቅቅል ይሆናል። ውሃው ሲመጥ ድምፁ ይቀየራል፤ መንተክተኩ ቀርቶ መንጣጣት ይጀምራል። ከታች ቡናማ ሲይዝ ያኔ አገላብጡ። ሽንኩርቱ ከዚያ በኋላ ይግባ።

የበርገር ጨው ሊጠበስ ሲል ላዩ ላይ ብቻ ይነስነስ። ቀድሞ አብሮ ከታሸ ሥጋው እንደ ቋሊማ ይጠጥራል። ለሥጋ ኳስ ደግሞ ወተት የጠጣ የዳቦ ፍርፋሪ ጨምሩበት፤ ያለሰልሰዋል።

መብሰሉን በቀለም አልፈርድም፣ ቴርሞሜትር እሰካለሁ። የበሬና የበግ መሃሉ 71፣ የዶሮ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት።