ራሱን የሚያዋቅር የፋብሪካ ኔትወርክ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቃሊቲ በገላን በኩል እስከ ዱከም በተሰለፉት ፋብሪካዎች ውስጥ አዲስ የሚተከሉ ማሽኖች በኔትወርክ የተሳሰሩ ናቸው። ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር (ፒኤልሲ)፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ድራይቭ፣ የኦፕሬተሩ ስክሪን፣ ሁሉም በኤተርኔት ኬብል ይነጋገራሉ። ሻጮች «ሰክታችሁ አስነሱት፣ ራሱን ያዋቅራል» ይላሉ። ያዋቅራል፤ አስቀድሞ ከታቀደለት። እኔ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ድራይቭ ቢቃጠል፣ የፈረቃው ኤሌክትሪሺያን ላፕቶፕ ሳይከፍት፣ መሐንዲስ ሳይቀሰቅስ ቀይሮ መስመሩን ማስነሳት ይችላል?

አድራሻን ከመሣሪያው ጋር ማሰር

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። መሣሪያዎች በኔትወርኩ ላይ የሚጠሩበትን አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ሰርቨር ብዙ ጊዜ የሚዋቀረው መሣሪያውን በማክ አድራሻው እንዲለይ ተደርጎ ነው። ይህ ቁጥር መሣሪያው ሲመረት የተሰጠው ስለሆነ አሮጌው ድራይቭ ሲነቀል አብሮት ይሄዳል። አዲሱን ሰርቨሩ አያውቀውም፤ ወይ ያገኘውን አድራሻ ይሰጠዋል፣ ወይ ዝም ይለዋል። ፒኤልሲው በቀድሞው አድራሻ ደጋግሞ ይጠራል፣ መልስ የለም፣ መስመሩ እንደቆመ ያድራል።

አድራሻው መታሰር ያለበት ከቦታው ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው «አማራጭ 82» የሚባለው የዲኤችሲፒ ደንብ ለዚህ ያገለግላል። ኬብሎቹ የሚሰበሰቡበት ስዊች የመሣሪያውን ጥያቄ ሲያስተላልፍ የመጣበትን ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ቁጥር ይጨምርበታል፤ ሰርቨሩም በአምስተኛው ፖርት ላይ ለተሰካ ማንኛውም መሣሪያ የአምስተኛውን ፖርት አድራሻ ይሰጣል። ፕሮፊኔት የተባለውን የፋብሪካ ኔትወርክ ደንብ በሚጠቀሙ መስመሮች ደግሞ መታወቂያው ስም ነው። መሣሪያዎቹ ኤልኤልዲፒ በተባለው ፕሮቶኮል አማካይነት ጎረቤቶቻቸውን ስለሚያውቁ፣ ፒኤልሲው በተቃጠለው ቦታ የተተካውን ስም የለሽ መሣሪያ በጎረቤቶቹ ለይቶ የቀድሞውን ስም ያወርሰዋል። ይህ የሚሆነው ግን የትኛው ፖርት ከየትኛው እንደሚገናኝ በፒኤልሲው ፕሮጀክት ውስጥ ከተሳለ ብቻ ነው። ብዙ ገጣሚዎች ይህን ሥዕል ጊዜ ይፈጃል ብለው ይዘሉታል። ሥዕሉ ቢኖርም ድራይቭ የሚቀይር ሰው ኬብሎቹን ከመንቀሉ በፊት የትኛው በየትኛው ፖርት እንደነበረ ምልክት ያድርግባቸው። ቦታ ከተለዋወጡ ፒኤልሲው ጎረቤቶቹን አያገኛቸውም።

ያገለገለ መለዋወጫን ሳያጸዱ መስካት

አዲስ መለዋወጫ የውጭ ምንዛሪ ተገኝቶለት፣ በጅቡቲ በኩል ገብቶ እስኪደርስ ሳምንታት ይወስዳል። በዚህም የተነሳ የጥገና ክፍል ከቆመ መስመር ነቅሎ ለሚሠራው ይተክላል። ይህ ምንም ነውር የለበትም። ችግሩ የተነቀለው መሣሪያ የቀድሞ ስሙንና አድራሻውን ይዞ መምጣቱ ነው። ፒኤልሲው፣ ስም ያለውን እንዲሽር ተለይቶ ካልተፈቀደለት በስተቀር፣ ስም የሚሰጠው ስም ለሌለው ብቻ ነው። ይባስ ብሎ አሮጌው አድራሻ በሌላ መሣሪያ ተይዞ ከሆነ ሁለቱ ይጋጩና ጤነኛው ክፍል ሳይቀር ይታወካል። የተነቀለ መሣሪያ ወደ መደርደሪያ ከመግባቱ በፊት ከአምራቹ ሲወጣ ወደነበረው ቅንብር ይመለስ፣ ቀኑና የፈርምዌሩ (የውስጥ ሶፍትዌሩ) ቁጥርም በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍበት። ፈርምዌሩ ከሚተካው የተለየ ከሆነ ፒኤልሲው ላይቀበለው ይችላል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሆነውን አለማሰብ

በእኛ አካባቢ ይህን ረስቶ ኔትወርክ መዘርጋት ይቅርታ የለውም። መብራት ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳል፤ ፍጥነታቸው ግን አንድ አይደለም። ድራይቩ በሰከንዶች ውስጥ አድራሻ ይጠይቃል። ስዊቹ ገና እየተነሳ ነው፣ ሰርቨሩ ያለበት ኮምፒውተርማ ደቂቃዎች ይቀሩታል። ምላሽ ያጣው መሣሪያ እንደ አሠራሩ ይለያያል፦ አንዳንዱ ጥያቄውን እየደጋገመ ይጠብቃል፣ አንዳንዱ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ቀይ መብራቱን እያብለጨለጨ ሰው መጥቶ እስኪያጠፋና እስኪያበራው ይቆማል። ጄኔሬተር ብቻውን አያድንም፤ እስኪነሳ ያለችው ጥቂት ሰከንድ ስዊቾቹን ለማጥፋት ትበቃለች። ስዊቾቹና ሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚደግፍ ባትሪ) ላይ ይሁኑ። እሑድ ቀን፣ ምርት በሌለበት፣ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አውርዳችሁ መልሱና የትኛው መሣሪያ ሳይነሳ እንደቀረ እዩ።

የቢሮውንና የማሽኑን ኔትወርክ ማደባለቅ

አንድ ሰው ዋይፋይ ፈልጎ ከገበያ የገዛውን ራውተር የማሽኑ ስዊች ላይ ይሰካል። ራውተሩም አድራሻ ማደል ይጀምራል፤ በማግስቱ ማሽኖች ያለ ምክንያት ይጠፋሉ። ቢሮውንና እያንዳንዱን የምርት መስመር በቪላን (አንዱን ስዊች እንደ ተለያዩ ኔትወርኮች በሚከፋፍል ቅንብር) ለዩ፤ ከተፈቀደው ሰርቨር ውጪ አድራሻ የሚያድልን የሚያግድ ቅንብር በስዊቹ ላይ አብሩ፤ ሥራ የሌላቸውን ፖርቶች ዝጉ። ስትከፋፍሉ ግን የፕሮፊኔት ስም አሰጣጥ ራውተር እንደማይሻገር አስታውሱ፤ ፒኤልሲውና መሣሪያዎቹ በአንድ ክፍል ውስጥ መቆየት አለባቸው።

ስዊቹን ራሱን መርሳት

አድራሻው ከፖርት ጋር ከታሰረ ስዊቹ ሲቃጠል ይህን የሚያስችለው ቅንብሩ አብሮ ይሄዳል። ቅንብሩ በሚነቀል ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚቀመጥ ስዊች ግዙ። ይህ ካልተቻለ ቅጂውን ከፋብሪካው ኮምፒውተር ውጪም አስቀምጡ።

ሳይፈትኑ መረከብ

ገጣሚው የመጨረሻውን ክፍያ ከመቀበሉ በፊት የሌሊት ፈረቃችሁን ኤሌክትሪሺያን ጥሩና አንድ ድራይቭ፣ አንድ ሴንሰርና አንድ ስዊች በባዶ መለዋወጫ እንዲተካ አድርጉ። ገጣሚው ዳር ቆሞ ይመልከት፣ ላፕቶፑም ተዘግቶ ይቆይ። መስመሩ ካልተነሳ የርክክቡን ሰነድ አትፈርሙ።