ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው ድንገት የሌለ ድምፅ ሲሰማ

ኅዳር ላይ ነው። ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ያለው ቤታችን ውስጥ ታናሽ ወንድሜ ሌሊት ቀሰቀሰኝና «እታለም፣ ቆርቆሮው ላይ ሆነው ስሜን እየጠሩ ነው፤ አትሰሚም?» አለኝ። ከነፋስ በቀር ምንም አልነበረም። የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመረ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ አምስት ወር ሙሉ አቋርጦ እንደነበር ግን አላውቅም ነበር። ጎረቤት «ለክፎት ነው» አለ። አክስቴ ወዳጃ፣ ማለትም ጫት እየተቃመ የሚደረግ የዱዓ ስብሰባ፣ እናስቀምጥለት አለች፣ የአጎቴ ሚስት ጠበል። በዚህ መሀል ስድስት ቀን አለፈ። እነዚያ ስድስት ቀናት እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል፤ የምጽፈውም እናንተ እንዳታባክኑ ነው።

መጀመሪያ ስለ ራስ ምታቱ ጠይቁት። ወንድሜ ድምፅ መስማት ከመጀመሩ በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሱን በፎጣ ጥፍር አድርጎ ያስር ነበር፤ እኛ የደሴ ብርድ ነው አልን። መድኃኒት ያቋረጠ ወይም ሲዲፎሩ (በሽታ የሚከላከለው የደም ሴል ቁጥር) ከ200 በታች የወረደ ሰው ድንገት የሌለ ነገር ካየና ከሰማ፣ ወይም ሰው ሁሉ ሊገድለኝ ነው ካለ፣ ሐኪም አስቀድሞ የሚፈልገው አንጎል ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ነው፦ ክሪፕቶኮከስ የሚባለው ፈንገስ፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ፣ የአንጎል ሽፋን ቲቢ፣ አንዳንዴም ቂጥኝ። ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ ትውከት፣ የዓይን ብዥታ፣ የአንገት መገተር፣ መንቀጥቀጥ ወይም ቀኑንና ያለበትን ቦታ መሳት ካለበት በዚያው ዕለት ሆስፒታል ውሰዱት።

ስትሄዱ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ያዙ። አንዳንዱ መድኃኒት ራሱ አእምሮን ይነካል። የቀድሞው የኤችአይቪ መድኃኒት ኤፋቪሬንዝ ቅዠትና ድብርት፣ አልፎ አልፎም ሳይኮሲስ (የሌለ ነገር ማየትና መስማት) ያመጣል፤ ለቲቢ የሚሰጠው አይኤንኤችም እንዲሁ አልፎ አልፎ ያደርገዋል። ጫት የሚቅም ከሆነም አትደብቁ።

እየወሰደ ያለውን በራሳችሁ አታስቋርጡት። ያቋረጠውን ደግሞ በራሳችሁ አታስጀምሩት። ብልቃጡን ጤፍ ማዳበሪያ ውስጥ ተቀብሮ ሳገኘው እዚያው ላስውጠው ቃጥቶኝ ነበር። ለካ ክሪፕቶኮከስ ከሆነ መጀመሪያ ፈንገሱ ይታከማል፤ የኤችአይቪው መድኃኒት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ቶሎ ከተጀመረ ሰውነት አቅም ሲያገኝ በፈንገሱ ላይ በኃይል ይነሳና አንጎልን ያሳብጣል፤ ሰው ሊሞትበት ይችላል።

መጀመሪያ የወሰድነው ቦታ የሚያስተኛ መርፌ ወግተው መለሱን። ቫይረሱ በደሙ እንዳለ እኔም አልተናገርኩም፤ ሰልፉ ላይ የሰፈር ሰው ነበረና አፈርኩ። እናንተ ሐኪሙን ለብቻው አግኙና ንገሩት። «ለምርመራ የጀርባ ፈሳሽ አይወሰድለትም?» ብላችሁም ጠይቁ። ሽባ ያደርጋል የሚባለውን ወሬ አትስሙ፤ የወንድሜ በሽታ የታወቀው በእሱ ነው።

እስክትደርሱ አትከራከሩት፣ «አዎ፣ እኔም ሰማሁ» ብላችሁም አትዋሹት። እኔ «አልሰማሁም፤ አንተን ግን እንዳስፈራህ አያለሁ። አብሽር፣ አጠገብህ ነኝ» እለው ነበር፤ እጁ ሲላላ ይታወቀኝ ነበር። ቢላውን፣ መጥረቢያውን፣ ገመዱን ከአጠገቡ አንሱ። ድምፁ ራስህን ግደል ይልህ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይሰጠውም። ለብቻው አትተዉት። በገመድ አትሰሩት።

ከሆስፒታል ሲወጣ ለአእምሮው መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። ቫይረሱ ያለባቸውን ሰዎች እንደ ሃሎፔሪዶል ያለው የአእምሮ መድኃኒት ሰውነታቸውን ቶሎ ያገትረዋል፤ ስለዚህ በትንሹ ነው የሚጀመረው። የወንድሜ አንገት አንድ ቀን ጠምዞት ለሀጩ ወረደ፤ ስንመለስ መጠኑን ቀነሱለትና ተስተካከለ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን ደግሞ የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነውን የዶሉቴግራቪርን ኃይል ያዳክማል። ስለዚህ የአእምሮ ሐኪሙም የኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክፍሉም አንዱ የሰጠውን ሌላው እንዲያይ ካርዶቹን አንድ ላይ ይዤ ነው የምሄደው።

ወዳጃውንም ጠበሉንም አልከለከልኩም፤ ኪኒኑ ሳይቋረጥ ይሁን ብቻ አልኩ። አክስቴ ዱዓዋን አድርጋ ውሃውን የምታቀብለው እሷው ናት። ወዳጃ ላይ ግን ጫቱ ወደሱ እንዳይዞር ነግሬያታለሁ።

አሁን የማየው እንቅልፉን ነው። ሁለት ሌሊት ካልተኛ ሦስተኛውን አልጠብቅም፤ ፌስታሉ ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል።