ከልመና ወደ ማሳመን፦ ልጆችን ደብዳቤ ስናስጽፍ

ለአራተኛ ክፍል ልጆች «ለርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ጻፉ» በሏቸውና ወረቀቱን ሰብስባችሁ እዩት። አብዛኛው «እባክዎትን፣ በፈጠረዎት፣ እኛ ልጆችዎ ነን» ይላል። አልፈርድባቸውም። ከትልቅ ሰው አንድ ነገር የሚገኘው በመለማመጥ ነው ብለው ነው ያደጉት። ግን ልመና የራስን ችግር ብቻ ይናገራል። ማሳመን ደግሞ አንባቢው «እሺ» የሚልበትን ምክንያት አዘጋጅቶ ያቀርብለታል። ልጅ ይህን ልዩነት አንዴ ከያዘው አይለቀውም።

የማስተምረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ነው፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ። የምነግራችሁ እዚሁ ክፍል ውስጥ የሠራልኝን ነው። አራት ክፍለ ጊዜ መድቡለት። በአንድ 40 ደቂቃ ለመጨረስ ከሞከራችሁ የምታገኙት መልሶ ልመናውን ነው።

መጀመሪያ እውነተኛ ጉዳይ ያስፈልጋል። «የዛፍ ጥቅም» ብላችሁ ብትሰጡ ልጁ የሚጽፈው እናንተን ለማስደሰት ነው። «እዚህ ግቢ ውስጥ ምን ያናድዳችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰሌዳው ወዲያው ይሞላል፦ ውሃ፣ ኳስ፣ ጭቃ፣ መኪና የሚበዛበት ማቋረጫ። ከዚያ «እሺ የማለት ሥልጣን ያለው ማነው?» በሏቸው። ሁልጊዜ «ለመንግሥት እንጻፍ» የሚል ልጅ አይጠፋም። ማቋረጫው የወረዳ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ ኳሱ የስፖርት መምህሩ ነው፣ ውሃው የርዕሰ መምህሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ግቢው ውስጥ ላለ ሰው ይጻፉ፣ ምክንያቱም መልሱ በቀናት ውስጥ ካልመጣ ልጆቹ ጉዳዩን ይረሱታል።

እስክሪብቶ ከመያዛቸው በፊት ይከራከሩ። አያቶቻችን ዳኛ ፊት ቆመው በ«በላ ልበልሃ» ይሟገቱ ነበር፤ እኔም ለልጆቹ ስለዚህ ነግሬ ነው የምጀምረው፣ ደስ ይላቸዋል። አንዱ ልጅ የመምህሩ ወንበር ላይ ይቀመጥና ርዕሰ መምህር ይሁን። ሥራው «አይሆንም» ማለት ነው፣ ግን ከነምክንያቱ። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ውሃ ጠየቀች፤ ወንበሩ ላይ ያለው ልጅ ኮስተር ብሎ «በጀት የለም» አላት። ዝም አለች። ጣቷን ነክሳ ትንሽ ቆየችና «ግን እኮ ከላይብረሪው ጀርባ ባዶ ሮቶ አለ፤ ቧንቧው ብቻ ነው ያልተቀጠለው» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ደብዳቤው እዚያች ላይ ተገኘ። ብቻዋን ቁጭ ብላ ብትጽፍ ኖሮ ሮቶው ትዝ የሚላት አይመስለኝም።

ቤታቸው ኦሮምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ካሏችሁ፣ እኔ ጋ ብዙ ናቸው፣ ክርክሩን መጀመሪያ በዚያው በቋንቋቸው ያድርጉት። አማርኛው ስለከበዳቸው ብቻ ምክንያት የሌላቸው እንዳይመስሉ።

ቀጥሎ ይቁጠሩ። «ብዙ ልጆች ይጠማሉ» ማንንም አያንቀሳቅስም። ሦስት ልጆች በእረፍት ሰዓት ቧንቧው አጠገብ ቆመው ደብተራቸው ላይ ጭረት እየጫሩ ቆጠሩ። በ15 ደቂቃ ውስጥ 31 ልጆች ጠጡ፤ ደወል ሲደወል 44 ሰልፍ ላይ ነበሩ። ይህ ቁጥር የማንም ሳይሆን የራሳቸው ነው፣ ሲጽፉት እጃቸው አያመነታም። ማጋነንንም እዚሁ ላይ አስቁሟቸው። «ሁሉም ልጅ እየታመመ ነው» ብለው ከጻፉ፣ ርዕሰ መምህሩ ውሸት መሆኑን ስለሚያውቁ እውነተኛውን 44ም አያምኑትም።

ቅርጹ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፦ ቀኑ ከላይ በቀኝ በኩል፣ «ለ» ብሎ የተቀባዩ ኃላፊነት፣ ጉዳዩ፣ ሐሳቡ፣ «ከሰላምታ ጋር»፣ ስምና ፊርማ። «ጉዳዩ» ላይ ግን ቆም በሉ። «ጉዳዩ፦ ስለ ውሃ» ምን እንደሚፈለግ አይናገርም። ልጆቹ ሦስት ጊዜ ሰርዘው «ጉዳዩ፦ ባዶው ሮቶ ከቧንቧ ጋር እንዲቀጠልልን ስለመጠየቅ» ላይ ደረሱ። አንቱታውንም አትርሱ። ልጅ በ«እርስዎ» ይጀምርና መሐል ላይ «ታውቃለህ» ብሎ ቁጭ ይላል። ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ጓደኛው ሲሰማው እጁን ያውጣ።

ለሐሳቡ ለደካሞቹ ሦስት መነሻ ስጧቸው፦ «የምንጠይቀው...»፣ «ምክንያቱም...»፣ «... ሊሉ ይችላሉ፣ ነገር ግን...»። ሦስተኛው ነው ዋናው። አንዱ ልጅ እንዲህ ጻፈ፦ «በጀት የለም ሊሉ ይችላሉ፣ ነገር ግን ሮቶው ተገዝቶ ተቀምጧል። የጎደለው ቧንቧ ነው። እኛ ለክተነዋል፣ 12 እርምጃ ነው።» መለካታቸውን እኔ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን ረቂቅ በቀይ እስክሪብቶ አታቅልሙት። የ«ሀ»ና የ«ሐ» ነገር ለመጨረሻው ቅጂ ይቆይ። ከሁሉም በላይ ግን በራሳችሁ ቃል አትጻፉላቸው። «በትህትና እናመለክታለን» ብላችሁ ስታሳምሩት 12ቱ እርምጃ ይጠፋል፣ ርዕሰ መምህሩም መምህሩ እንደጻፈው ወዲያው ያውቃሉ።

ደብዳቤውን ልጆቹ ራሳቸው ይዘው ይሂዱ። እናንተ ቀደም ብላችሁ ርዕሰ መምህሩን አናግሩ፤ እሺ እንዲሉ ሳይሆን በሳምንት ውስጥ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ እንዲመልሱ ብቻ። እምቢ ቢሉም ችግር የለም፤ የሰጡት ምክንያት ለሚቀጥለው ደብዳቤ «ሊሉ ይችላሉ» የሚለውን ቦታ ይይዛል።

የእኛ መልስ በአራተኛው ቀን መጣ፦ «ቧንቧ ሠራተኛ እስኪገኝ ሁለት ሳምንት ታገሡ።» ልጆቹ ሰሌዳው ጥግ ላይ ቀን መቁጠር ጀመሩ። በ15ኛው ቀን ጠዋት ክፍል ስገባ አምስቱ አንድ ዴስክ ላይ ተደራርበው ይጽፋሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ከላይ በቀኝ ቀኑን ጽፈዋል፣ ከሥሩ «ጉዳዩ፦ ሁለቱ ሳምንት ስለማለፉ» ይላል።