ከሊንኩ እስከ ምንጩ፦ ስለ ሳይንስ፣ ስለ እምነትና ስለ ቴክኖሎጂ የሚደርሱንን ማስፈንጠሪያዎች አከታተል

ደብረ ብርሃን ለምንኖር ሰዎች አንድ መልእክት መልኩን እየለዋወጠ በየጊዜው ይደርሰናል። «በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በከተማችን ሰማይ ላይ የታየው ብርሃን ሃሌይ የተባለው ጅራታም ኮከብ መሆኑን ሳይንቲስቶች አረጋገጡ» ይልና ከሥሩ አንድ ሊንክ ያስከትላል። ባለፈው ዐቢይ ጾም የላከልኝ የእህቴ ልጅ ነበር፤ «ጋሼ፣ ይህን አይተውታል?» የሚል ቃልም ጨምሮበታል። አይቼው ነበር። ከዚያም አልፎ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሊንኩን ሳልከፍት ለአሥር ያህል ሰው አስተላልፌዋለሁ። በዚያ ምሽት ግን ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን ሊንኩን እስከ መጨረሻው ተከተልነው። ከዚህ በታች የማቀርበው መመሪያ የተገኘው ከዚያ ምሽትና ከዚያ በኋላ ካደረግናቸው መሰል ሙከራዎች ነው።

በመጀመሪያ ሊንኩን ከመክፈትዎ በፊት አድራሻውን ያንብቡ። የአንድ ድረ ገጽ ባለቤት የሚታወቀው ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) በፊት ባሉት የመጨረሻ ቃላት ነው እንጂ በአድራሻው መነሻ ላይ በተጻፈው ስም አይደለም። ስለዚህ የታወቀ ተቋም ስም ከፊት ተደርጎ ከኋላው የማይታወቅ ስም ከተከተለ፣ ቤቱ የኋለኛው ሰው ነው። በአገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አድራሻ «ጎቭ ነጥብ ኢቲ»፣ የዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ «ኢዱ ነጥብ ኢቲ» በሚሉት ያበቃል። በአድራሻው አጠገብ የሚታየው የቁልፍ ምልክት የሚናገረው በእርስዎና በገጹ መካከል የሚተላለፈው መረጃ የተመሰጠረ መሆኑን ብቻ ነው፤ የገጹ ባለቤት እውነተኛ ሰው ስለመሆኑ ምንም አይመሰክርም። አድራሻው አጥሮ የመጣ እንደሆነና አሳጣሪው ቢትሊ ከሆነ፣ በመጨረሻው ላይ የመደመር ምልክት ቢጨምሩበት ወደ ገጹ ሳይገቡ ወዴት እንደሚወስድ ያሳይዎታል።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት «ለልጄ ፎቶ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ከሚያውቁት ሰው ስም ደርሷቸው ከፈቱት፤ ገጹ ስልክ ቁጥራቸውን፣ ቀጥሎም በቴሌግራም የመጣላቸውን የመግቢያ ኮድ ጠየቃቸው። ኮዱን ባስገቡ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በእርሳቸው ስም ለማኅበርተኞቻቸው ሁሉ የገንዘብ ብድር ጥያቄ መላክ ጀመረ። የመግቢያ ኮድ ለማንም፣ ለየትኛውም ገጽ አይሰጥም። በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ ያለውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ዛሬውኑ ያብሩት፤ ሌላው የዚህ መመሪያ ክፍል ይቆይ ቢባል እንኳ ይህ የሚቆይ አይደለም።

ገጹ ከተከፈተ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ በውስጡ ያለው ቃል ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚመልስ መለየት ነው። በደብረ ብርሃኑ መልእክት ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ተደባልቀው ይገኛሉ። በዚያ ዘመን በሰማይ ላይ ምን ነበር የሚለውን የሚመልሰው የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው። የዘመኑ ጸሐፊ ምን ብሎ ጻፈ የሚለውን የሚመልሰው ጽሑፉና ግእዝ የሚያውቅ ሰው ነው። ያ ብርሃን ለአማኙ ምን ትርጉም አለው የሚለው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ድርሻ ነው። ብዙ ጊዜ የምንጣላው አንዱን ጥያቄ ይዘን ከሌላው ዳኛ ዘንድ ስለምንሄድ ይመስለኛል፤ ቴሌስኮፕ ተአምርን አይመረምርም፣ ስብከትም የጅራታም ኮከብን ምሕዋር አያሰላም።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ጥያቄ ለየብቻው ይከተሉት። እኛ የጀመርነው ከሰማዩ ነው። ኤድመንድ ሃሌይ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1705 ባሳተመው ሥራ በ1531፣ በ1607ና በ1682 የታዩት ጅራታም ኮከቦች አንድ እንደሆኑና ኮከቡ በ1758 ገደማ እንደሚመለስ ተነበየ፤ እርሱ ከሞተ በኋላ ኮከቡ በተባለው ዓመት መጨረሻ ላይ ታየ። በአማካይ በ76 ዓመት አንድ ጊዜ የሚመለሰው ይህ ኮከብ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን፣ የሚጠበቀው በ2061 ነው። ወደ ኋላ ሲቆጠር በ1456 እንደመጣ የቻይናና የአውሮፓ ጸሐፊዎች መዝግበዋል፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የነገሡት ደግሞ ከ1434 እስከ 1468 ነው። እስከዚህ ድረስ መልእክቱ እውነት ይመስላል፤ የልጁም ፊት በራ።

ችግሩ የመጣው ወደ ጽሑፉ ስንዞር ነው። የንጉሡ ዜና መዋዕል ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር እ.ኤ.አ. በ1893 ፓሪስ ላይ ታትሟል፤ የዚህን ዘመን መጻሕፍት ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው ነጻ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፈልጎ ማንበብ ይቻላል። ዜና መዋዕሉ ስለ ብርሃኑ ሲናገር ቀኑን ጭምር ይጠቅሳል። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት፣ ከንጉሡ ጋር የተጣሉት የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች የካቲት 2 ቀን በድንጋይ ከተወገሩ ከ38 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን፣ በመስቀል በዓል ብርሃኑ እንደታየ ይተርካል። ከየካቲት 2 እስከ መጋቢት 10 በጣት ቢቆጠር 38 ቀን ይሞላል፤ ጸሐፊው በቁጥር የሚቀልድ ሰው አልነበረም።

አሁን ሁለቱን ቀኖች ማገናኘት ይቀራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ላይ ነው። በስልካችን ያለው የቀን መለወጫ መጋቢት 10ን ማርች 19 ይለዋል፤ ይህ ግን ለእኛ ዘመን ብቻ የሚሠራ ነው። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጀመረው በ1582 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት አውሮፓውያን የሚጽፉት በዩልዮስ አቆጣጠር ስለነበር በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን መጋቢት 10 በእነርሱ ማርች 6 ላይ ይውላል። ሃሌይ ግን በ1456 በዓይን የታየው ከሜይ ማብቂያ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ነው፤ ይህም በእኛ ሰኔን ይዞ እስከ ሐምሌ አጋማሽ መሆኑ ነው። በብርሃኑ ቀንና በኮከቡ መታየት መካከል ወደ ሦስት ወር የሚጠጋ ክፍተት አለ። በዚያ ላይ የሰኔና የሐምሌ ሰማይ በእኛ አገር ስንት ምሽት ጥርት ብሎ እንደሚያድር ደብረ ብርሃን የከረመ ሰው ያውቀዋል።

እንግዲህ ኮከቡና ብርሃኑ አንድ ናቸው የሚለው የአንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች መላ ምት ነው፤ ሊታሰብ የሚገባው መላ ምት ነው፤ «ተረጋገጠ» የሚለው ቃል ግን በመንገድ ላይ የተጨመረ ነው። ሊንክን ስንከተል በተለይ የምንጠብቀው ይህንን ነው፤ «ሊሆን ይችላል» የሚለው ቃል ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የት ላይ «ሆነ» እንደተባለ መያዝ።

ስለ ምንጮች ጥቂት ልጨምር። ግእዝ መጻሕፍትን ለሚፈልግ ሰው በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው ሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአገራችን አድባራትና ገዳማት በማይክሮፊልም ከተነሡት መጻሕፍት ብዙዎቹን በነጻ ያስነብባል፤ የሚጠይቀው መመዝገብን ብቻ ነው። የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን የሰጡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የእኛው የሸንኮራ ተወላጅ መሆናቸውን ለወጣቶች መንገር እወዳለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ተወልደው በ2021 ዐረፉ። የሳይንስ ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ በ10 የሚጀምረውን የጽሑፉን መለያ ቁጥር ይፈልጉ፤ ያ ቁጥር በምሁራን መጽሔት የወጣ ጽሑፍን እንደ መታወቂያ ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በሚሠራው አርካይቭ በተባለው የፊዚክስና የሒሳብ ጽሑፎች ማከማቻ ላይ የወጣ ከሆነ ግን ሌሎች ምሁራን ገና ሳይመረምሩት የተለጠፈ ሊሆን እንደሚችል ያስታውሱ። ከላይ ከጠቀስሁት ኢንተርኔት አርካይቭ ጋር በአማርኛ ስማቸው ስለሚመሳሰል እንዳይምታቱብዎት።

አንዳንዱን ሊንክ ለመመርመር ኢንተርኔትም አያስፈልግም። «በዚህ ወር አምስት ዓርብ፣ አምስት ቅዳሜና አምስት እሑድ አለ፤ ይህ የሚሆነው በ823 ዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ ለአሥር ሰው ላኩ፣ በረከት ታገኛላችሁ» የሚለውን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የፈረንጆቹ አቆጣጠር በየ400 ዓመቱ ቀኑን ከነዕለቱ ስለሚደግም 823 የሚባል ዙር ሊኖረው አይችልም፤ 31 ቀን ያለው ወር ዓርብ በገባ ቁጥርም ሦስቱ ዕለታት አምስት አምስት ጊዜ ይውላሉ። በእኛ ደግሞ ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁልጊዜ 30 ቀን ነው፤ አራት ሳምንት 28 ነውና የሚተርፉት ሁለት ቀኖች ናቸው፤ ስለዚህ በየወሩ ሁለት ዕለታት አምስት አምስት ጊዜ ይውላሉ፣ ሦስት ግን ከቶ አይሆኑም።

ይህን ለአንድ መሪጌታ ባነሣሁላቸው ጊዜ ሣቁና ባሕረ ሐሳቡን በእርሳስ አሳዩኝ። በ2018 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። ለአራት ሲካፈል 1879 ይደርስና ሁለት ይተርፋል፤ ሁለት ሲተርፍ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 7518 እና 1879 ተደምረው 9397 ይሆናሉ፤ ይህ ለሰባት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፤ ከማክሰኞ አንድ ብለው ሲቆጥሩ ሦስተኛው ሐሙስ ነውና መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። እንግዲህ በዚያ መስከረም አምስት አምስት ጊዜ የዋሉት ሐሙስና ዓርብ ናቸው። መሪጌታው ስማርት ስልክ የላቸውም፤ ሐሰቱን ግን ከእኔ ቀድመው ያዙት። ስለዚህ በአቅራቢያዎ ሊቅ ካለ ከፍለጋ ሳጥኑ በፊት እርሳቸውን ይጠይቁ።

ጤናን በሚመለከት ግን ምርመራው ሌላ መልክ አለው። ወደ ሸንኮራ ዮሐንስና ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚጓዘው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ፣ «መድኃኒት አቁሙና ጠበል ብቻ ተጠመቁ» የሚሉ ቪዲዮዎችም፣ «ጠበል ምንም አይደለም» ብለው የሚያፌዙ ሊንኮችም በብዛት ይላካሉ። ሁለቱንም የሚልኩ ሰዎች በሽተኛውን አያውቁትም። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ በደም ውስጥ መልሶ ይባዛል፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሳያልቅ ሲተው ደግሞ ጀርሙ መድኃኒቱን የመልመድ ዕድል ያገኛል። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ስለሆኑ እንደማይጋጩ በግልጽ ተናግረዋል። በየትኛውም ሊንክ ምክንያት መድኃኒት አያቁሙ፤ የሚነጋገሩት ከሐኪምዎና ከንስሐ አባትዎ ጋር ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ድምፆችና ምስሎች ተጨምረዋል። የታወቁ አባት ያልተናገሩትን ሲናገሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲደርስዎ፣ ንግግሩ የት ቦታ፣ በየትኛው በዓል እንደተደረገ ይፈልጉ፤ ቦታም ቀንም የሌለው ከሆነ አያስተላልፉት። ፎቶ ከሆነ በጎግል ሌንስ ቀድሞ የት እንደወጣ ማየት ይቻላል። እንደ ሰው የሚያወያዩትን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ምንጭ እንዲሰጡ ከጠየቋቸው አንዳንዴ የሌለ ጽሑፍ ከነደራሲው ፈጥረው ይሰጣሉና፣ የሰጡትን ርእስ ራስዎ ፈልገው እስኪያገኙት ድረስ እንዳልተነገረዎ ይቁጠሩት።

ይህ ሁሉ ፓኬጅ ይበላል። በቴሌግራም ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ይዝጉት፤ ሊንኩን በተቀመጡ መልእክቶች ውስጥ ያኑሩትና በሳምንት አንድ ምሽት፣ አንድ ሊንክ ብቻ ይከተሉ። ወደ መንዝ ወጣ ሲባል ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ፣ የሚጠቅመውን ገጽ አስቀድመው አውርደው ይያዙ። ከእህቴ ልጅ ጋር የያዝነው ባለ 50 ሉክ ደብተር በእያንዳንዱ ገጽ አራት ነገር ይይዛል፦ ሊንኩ የመጣበት ቀን፣ ምን እንደሚል፣ ስንከተለው የት እንዳደረሰንና ምን እንደቀረ። ላኪው የተሳሳተ ሆኖ ሲገኝ በቡድኑ ፊት አናርመውም፤ ለብቻው እንጽፍለታለን፣ ያገኘነውንም ምንጭ እናያይዝለታለን። እኔም ለእነዚያ አሥር ሰዎች እንዲሁ አድርጌአለሁ፤ ሦስቱ አመሰገኑኝ፣ አንዱ ተቀየመኝ፣ ሌሎቹ ዝም አሉ።

ልጁ የደብረ ብርሃኑን ገጽ ጽፎ ሲጨርስ «ታዲያ ጋሼ፣ መጋቢት 10 የታየው ምን ነበር?» አለኝ። ጥያቄውን እንዳለ «ምን ቀረ» ከሚለው ሥር ጻፍነው።