የበጋ ሠርግ በሙሽሪት አገር ቤት፦ ከጾም አቆጣጠር እስከ ጋን ማጠቢያ

አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ እየኖሩ ሠርጋቸውን በሙሽሪት ወላጆች ደጅ ለመደገስ የቆረጡ ጥንዶች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስጨንቃቸው ድንኳኑና ካሜራው ነው። የገጠር ድግስ የሚዋረደው ግን ባልደረሰ ጠላ፣ ቀማሽ ባጣ ወጥና ሌላ ሰው ቀድሞ በያዘው የእድር ዕቃ ነው። ሦስቱም ቀን ካለመቁጠር የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ከሠርጉ ቀን ተነሥተን ወደ ኋላ እንቆጥራለን። ለአብነት የያዝነው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለ የደጋ ቀበሌ፣ የኦርቶዶክስ ቤተሰብና 400 እንግዳ ነው።

ቀኑን መቁረጥ

ገበሬው ውቂያውን ጨርሶ፣ ጎተራው ሞልቶ፣ መንገዱ ደርቆ የሚገኘው በጥርና በየካቲት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ወቅት በሁለት ጾም መካከል የታጠረ ነው። የነቢያት ጾም ታኅሣሥ 29 በገና ይፈታል፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ እንደ ዓመቱ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል። ከዐቢይ ጾም 14 ቀን ቀድሞ፣ ሰኞ የሚጀምር የሦስት ቀን የነነዌ ጾም አለ። በ2018 ነነዌ ጥር 25 ገብቶ ስለነበር ከጥምቀት በኋላ ለደጋሽ የተረፈው እሑድ ጥቂት ነበር። በ2019 ግን ነነዌ የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ስለሚገቡ ጊዜው ሰፊ ነው።

ከነነዌ ዋዜማ እሑድና ከቅበላ እሑድ ሽሹ። ሠርጉ ራሱ ያምራል፤ ሰኞ ጾም ሲገባ ግን የተረፈው ሥጋና ቅቤ የገባበት ወጥ ለማንም አይሆንም። በማግስቱ ያገዘውን ጎረቤት የምታበሉትም ታጣላችሁ።

ከጾሙ ሌላ በአካባቢው የሚከበረውን በዓል ጠይቁ። በ2019 ጥር 23 እሑድ ነው፣ ለዓይን ደስ ይላል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ያለው ዓርብ ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም ነው። ሽንኩርት የሚከተፍበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት ዋናው ቀን በዓል ሆነ ማለት ነው፤ ያን ቀን ሥራ የሚነካ ሴት ለማግኘት አትድከሙ። ስለዚህ ለዚህ ጽሑፍ ጥር 30ን ወስደናል። የሙሽሪት እናት ቀኑን ሲሰሙ ፊታቸው ከጠቆረ አትከራከሯቸው፤ እናንተ የማታውቁት የሰፈር ዝክር ወይም የሙት ዓመት ይኖራል።

እንግዳ መቁጠር

ገጠር ላይ ካርድ በትኖ «እመጣለሁ» የሚል መልስ መጠበቅ አይሠራም። የሚቆጠረው በቤት ነው። የእድሩን መዝገብ ውሰዱ፤ 100 አባወራ ካለ በአማካይ ሦስት ሰው ያዙና 300 በሉ። በዚያ ላይ ከሩቅ የሚመጣ ዘመድና የሙሽራው አጃቢ ይጨመራል። የአጃቢው ቁጥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚቆርጡት ጉዳይ ነው፤ 40 ተብሎ ከተቆረጠ ለ50 አዘጋጁ። ጥሪውን ለመንደሩ ሰው አባት ወይም አጎት በቃላቸው ቢያደርሱት ይሻላል፤ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ የሚነገረው ጥሪ ከወርቅ ቀለም ካርድ ይከብዳል።

ቀበሌና ቤተ ክርስቲያን

ተክሊል ከሆነ ከየንስሐ አባታችሁና ከአጥቢያችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ፣ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት የሚፈጸምበትን ደብር አስተዳዳሪ አነጋግሩ። ሥርዓቱ ከቅዳሴ ጋር ስለሚያያዝ የሚጀመረው ገና በጠዋት ነው፤ ሙሽሮቹም ከመቁረባቸው በፊት 18 ሰዓት ይጾማሉ። ፎቶ አንሺው ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ሳይቀምሱ ወደ ሜዳ እንዳይወስዳቸው አስቀድማችሁ ንገሩት። የሰማንያ ውል ከሆነ ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ምስክር መታወቂያቸውን ይዘው ይቁሙ። ከውጭ የመጣችሁ፣ ያላገባችሁ ስለመሆናችሁ ማስረጃ ያዙ፤ የምዝገባ ወረቀቱ ላይ ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። በኋላ ለቪዛ የሚያንከራትተው ይህች አንዲት ፊደል ናት።

መጠጡ

ጠጅ ከሁሉም ቀድሞ ይጣላል። ለአንድ እጅ ማር አራት እጅ ውሃ ይዛችሁ፣ ከታኅሣሥ 25 ሳትዘገዩ ጣሉት። ደጋ ላይ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ውርጭ ነው፤ ብርዱ እርሾውን ያስተኛዋል፣ ቆላ ላይ በሁለት ሳምንት የሚደርሰው እዚህ ወር ይፈልጋል። ዕቃውን እሳት ከሚነድበት ጓዳ ጥግ አስቀምጡ፣ ጋቢ ወይም ድሪቶ አልብሱት። ጠጁን ለሁሉ ለማዳረስ አትሞክሩ፤ ለካህናት፣ ለሽማግሌና ለሙሽራው ወገን 60 ሊትር ይበቃል።

የድግሱ ጀርባ ጠላው ነው። ለአንድ ሰው ሊትር ተኩል ብትይዙ 600 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ሦስት ባለ 200 ሊትር በርሜል ነው። የፕላስቲክ በርሜል ስትገዙ የምግብ ዘይት የነበረበትን ፈልጉ፤ ኬሚካል የያዘ በርሜል በምንም ቢታጠብ አይሆንም። ዕቃው በግራዋ ይታጠባል፤ ጋን ከሆነ በወይራ ይታጠናል። በርሜል ላይ የጭሱ ጠረን ስለማይዝ ቢያንስ ለሽማግሌዎች የሚቀዳው በጋን ቢጠመቅ ደግ ነው።

አቆጣጠሩ ይህን ይመስላል። ብቅሉ ከጥምቀት በፊት በቅሎ፣ ደርቆ ይቀመጥ። ጥር 13 ጌሾው ይጠነሰሳል። ጥር 17 ብቅሉና ቂጣው ይገባል። ጥር 20 እንኩሮው፣ ማለትም በውሃ ርሶ ምጣድ ላይ የሚታመሰው የእህል ዱቄት፣ ታምሶ ይደፈደፋል፣ አፉ ይታሰራል። ጥር 24 ውሃ ይሞላል። ውሃው ዘግይቶ ከገባ ሠርጉ ቀን የሚቀዳው ገና ያልጠራ ጉሽ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ደግሞ ሆምጥጦ ይጠብቃችኋል። ሦስቱን በርሜል ለሦስት ሴት አታከፋፍሉ። አንዲት ጠማቂ በኃላፊነት ትያዝ፣ ሌሎቹ በእጇ ይታዘዙ፤ አለዚያ አንዱ በርሜል ጣፋጭ ሌላው መራራ ሆኖ እንግዳው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይሰደዳል።

ሥጋና ወጥ

280 እስከ 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ ከታረደ በኋላ ከነአጥንቱ ግማሽ ያህሉን ይሰጣል፤ ከአጥንት ሲለይ 100 ኪሎ ያህል ነው። ለ400 ሰው ሁለት በሬ ሰፋ አድርጎ ያበላል፤ አምስት ስድስት በግ ለአልጫና ለቅቅል ጨምሩ። በሬዎቹን ከአንድ ሳምንት በፊት ገዝታችሁ ግቢ ውስጥ እየመገባችሁ አሳርፏቸው፤ ከገበያ ተነድቶ ደክሞ የመጣ በሬ ዕለቱን ቢታረድ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል። አንዱ ቅዳሜ ጠዋት ለወጥ፣ ሁለተኛው እሑድ ጎሕ ሲቀድ ለቁርጥ ይታረድ። ቄራ ስለሌለ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም አስቀድማችሁ ቅጠሩ፤ ኮሶ ያለበት ሥጋ ለቁርጥ አይቀርብም። ደጋው ላይ ሌሊቱ ሥጋ ያሳድራል፤ ቆላ ከሆነ ግን ከእርድ እስከ ድስት ሰዓታት ብቻ ናቸው ያሏችሁ።

ለቀይ ወጥ በግምት ለአንድ ኪሎ ሥጋ አንድ ኪሎ ሽንኩርት፣ 100 ግራም በርበሬና 100 ግራም ንጥር ቅቤ ያዙ። 120 ኪሎ ለወጥ ብትሉ 120 ኪሎ ሽንኩርት፣ 12 ኪሎ በርበሬ፣ 12 ኪሎ ቅቤ ማለት ነው። ቅቤውን በነቢያት ጾም ውስጥ ግዙት፤ ፈላጊው ያኔ ይቀንሳል፣ ገና ሲቃረብ ይሰቀላል። በርበሬው ደግሞ ታኅሣሥ ውስጥ ተቀንጥሶ፣ ፀሐይ መቶ፣ ተደልዞና ተፈጭቶ ይለቅ።

ዓርብ ጾም ነውና ቅቤና ሥጋ የገባበትን ወጥ የሚቀምስ የለም። ዓርብ ሽንኩርቱ ይከተፍ፣ ቁሌቱ በዘይት ይጀመር፤ ቅቤና ሥጋ የሚገባው ቅዳሜ ነው። ይህን ያልተረዳ ደጋሽ ዓርብ አሠርቶ ቅዳሜ ማታ ጨው የበዛበት ጎላ ድስት ከፍቶ ያፈጣል።

ዶሮ ለሁሉም ለማዳረስ ማሰብ ከንቱ ድካም ነው። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፤ ለ400 ሰው 34 ዶሮ መንጨትና ማጠብ ጓዳውን ያሽመደምደዋል። 12 ዶሮ ለሙሽሮችና ለሚዜዎች፣ ለካህናቱ፣ ለአማቾችና ለአዛውንቱ በቂ ነው፤ ከ144 እንቁላልና ከ18 ኪሎ ሽንኩርት ጋር።

ከይፋት በኩል ወይም ከከተማ የሚመጡ ሙስሊም ወዳጆች ካሉ በጎቹንና አዲስ ድስት ለራሳቸው ሰው ስጡ፤ አርደው፣ በራሳቸው ባለሙያ ሠርተው፣ ለብቻ በተዘጋጀ ዳስ ይስተናገዱ። መጠጣቸው ለስላሳና ብርዝ ይሁን፤ ማንኪያና ጭልፋ ሳይቀር አይቀላቀል። አንዳንድ ሰው ንስሐ ላይ ይሆናል፤ 10 ኪሎ ምስርና ጥቂት ጎመን ለይታችሁ ሥሩ።

እንጀራው

ጤፉ ከምንጃር ወይም ከአድኣ ይምጣ። አንድ ኩንታል ስንት እንጀራ እንደሚወጣው ሁሉም የየራሱን ይነግራችኋል፤ ልዩነቱ ከምጣዱ ስፋት ነው። ቀደም ብላችሁ 5 ኪሎ አስጋግራችሁ ቁጠሩና አባዙ። ፍላጎቱ በሰው ሁለት፣ ማለትም 800 እንጀራ ነው፤ 100 ጨምሩበት። ለጎረቤት ሴቶች 10 ኪሎ 10 ኪሎ ዱቄት ማከፋፈል የቆየ ዘዴ ነው፣ ይሠራልም። ችግሩ የአንዷ ቤት ሊጥ ጎምዝዞ የሌላዋ አፍለኛ መሆኑ ነው። ስለዚህ እርሾው ከአንድ ቤት ይውጣ፣ ሁሉም ጥር 26 ያቡኩ፣ ዓርብ ማታና ቅዳሜ ይጋግሩ። ትኩሱን አትደርድሩት፤ እየቀዘቀዘ ይነባበር፣ አለዚያ ይጣበቃል፣ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል።

ዳስ፣ ውሃ፣ መንገድ

ሰው በተራ ስለሚበላ ለ150 ሰው የሚሆን 20 ሜትር በ8 ሜትር ዳስ ይበቃል። የባሕር ዛፍ አጣና በየ2 ሜትር ተኩሉ ይተከል፣ ጣራው ወደ አንድ ጎን ያዘንብል፣ ከቅጠሉ በላይ ሸራ ይልበስ፤ የጥር ዝናብ ብርቅ ቢሆንም ሲመጣ አይለምንም። ማብሰያው ከነፋሱ በታች በኩል 20 ሜትር ይራቅ። ደረቅ ሣር፣ ነፋስና የሦስት ጉልቻ እሳት አንድ ላይ ናቸውና ሁለት በርሜል ውሃ ለእሳት ብቻ ተሞልቶ ይቀመጥ።

የእድሩን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ከሦስት ወር በፊት በጽሑፍ አስይዙ፤ በጥር እሑዶች ደጋሽ ብዙ ነው። ማስያዝ ግን ዋስትና አይደለም። ሰፈር ውስጥ ሰው ከሞተ ዕቃው ለለቅሶ ነው የሚሄደው፣ ማንም አይከራከርም። ስለዚህ የጎረቤት ቀበሌውን እድርም አነጋግሩ። ሐዘኑ የቅርብ ቤት ከሆነ ደግሞ ሽማግሌ ገብቶ ሐዘንተኞቹን ያስፈቅዳል፤ ድምፅ ማጉያውም ይቀራል።

ለማጠቢያና ለመጠጥ 2,000 ሊትር ሮቶ አስሞሉ፤ በአህያ ከሆነ በ20 ሊትር ጀሪካን 100 ጀሪካን ነው፣ ሐሙስ ይጀመር። መጸዳጃ ሦስት ጉድጓድ በማዳበሪያ ጆንያ ታጥሮ ይዘጋጅ፤ ከምንጩ በታች በኩል።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው። የሚያስቸግረው ከዋናው መንገድ የሚገነጠለው ጥርጊያ ነው። ከሳምንት በፊት የምትከራዩትን ያህል አውቶቡስ ነድቶ የሚሞክር ሰው ላኩ፤ ካላለፈ እንግዳውን ከመገንጠያው በሚኒባስ አመላልሱ። በሌሊት አታስጉዙ፤ ከመነሣታችሁ በፊትም የመንገዱን ጸጥታ እዚያው ካለ ሰው ጠይቁ። ከተማ ለብሶ የመጣ እንግዳ ከፀሐይ መግቢያ በኋላ ይንቀጠቀጣልና ማደሪያው ደብረ ብርሃን ሆቴል ይያዝለት። ለሙሽሪት ታናናሾች አንድ ሥራ ስጡ፦ ጥይት የሚተኩስ እንዳይኖር ጠመንጃ የያዘውን ሁሉ በር ላይ በትሕትና እያስቀመጡ ማስገባት። የሽማግሌ ትእዛዝ ከሆነ ማንም አይቆጣም።

ዕለቱ

ጓዳው አንድ ቁልፍ ያዥ ይኑረው፤ የሙሽሪት እናት አይሁኑ፣ ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ሥጋ ሊቆጥሩ አይገባም። ቆራጥ አክስት ትመረጥ። ለ150 መቀመጫ 12 አሳላፊ ያስፈልጋል፦ ስድስት ለእንጀራና ወጥ፣ አራት ለጠላ፣ ሁለት ለእጅ ማስታጠብ። ካህናትና ሽማግሌዎች ባርከው ይቅመሱ፤ ልጆች ግን እስከ መጨረሻ አይጠብቁ፣ በጓሮ በኩል ቀድመው ቢበሉ ዳሱ ሰላም ያገኛል። ሙሽራው በ6 ሰዓት ይደርሳል ከተባለ የሙሽሪት ወገን በር ላይ እየዘፈነ የሚያቆመው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ወጡን በዚያ ልክ አሙቁ። ሙሽሪት በ10 ሰዓት ትውጣ፤ ከዚያ ካለፈ መንገዱ ይመሻል።

ሰኞ ያገዙት ሁሉ ተመልሰው ይመጣሉ። ከሥጋውና ከጠላው አንድ አሥረኛው ከእሑድ በፊት ተለይቶ፣ ተቆልፎ የሚቀመጠው ለእነርሱ ነው። በልተው ሲጨርሱ የእድሩ ዕቃ በመዝገቡ እየተጠራ ይቆጠር፤ የጎደለ ብርጭቆ ዕለቱኑ ተገዝቶ ይተካ። አተላው ለከብት ይሰጥ፣ ጋኑ ታጥቦ አፉ ተደፍቶ ፀሐይ ላይ ይዋል።