መጠጥ ላቆመ ሰው ሚዛኑ ምን ይናገራል?

በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ቤት ውስጥ በድንገት አያቁም። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎም ቅዠት ሊመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ይየው። በጣም ከከሳ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቫይታሚን ቢ1 እንዲወስድ ጠይቁለት።

ከዚያ ሚዛን። በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀመስ። ሐዋሳ መንገድ ዳር የሚመዝኑት ልጆች ሚዛንም ይሆናል፤ ጫማ ይውለቅ፣ ሚዛኑ አይቀያየር። በጥቂት ቀን 2 ወይም 3 ኪሎ ጨምሮ ሆድ ከተነፋና እግር ካበጠ ውፍረት ሳይሆን ውሃ ነው፤ ጉበቱ ይታይ።

ቀስ ያለ ጭማሪ ግን ብዙ ጊዜ የጣፋጭ አምሮት ነው። ለስላሳ ከመደርደር ከአሞራ ገደል፣ ከሐዋሳው የዓሳ ገበያ፣ የዓሳ ሾርባ ይሻላል። ረሃብና የመጠጥ አምሮት ስለሚምታቱ፣ መጠጫው ሰዓት 12 ከሆነ በ11 ይበላ።

በመጠጥና በክብደት ነገር ሴትና ወንድ ይለያያሉ። 60 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ሰውነቱ ውስጥ በግምት 36 ሊትር ውሃ አለ፤ እኩያ ክብደት ያላት ሴት ግን 30 ገደማ። ስለዚህ ያው ቢራ በእሷ ደም ውስጥ ይበረታል። ብዙ ጊዜ ወንዱን ወደ መጠጥ የሚመልሰው የቅዳሜ ጓደኛ፣ ሴቷን ደግሞ ጭንቀትና ድብርት ነው። «ወፈርኩ» ብላ ምግብ መዝለል ከጀመረች ቶሎ አማካሪዋን አናግሩ፤ መቆጣት ዋጋ የለውም።

ሰውየው ቢመለስበት እንኳ የድሮውን ልክ አይሞክር፦ ሳምንታት ያረፈ ሰውነት መልመዱን ስለሚያጣ ያው አረቄ ራስን ያስታል።