የአሜሪካ ኩባያ ስንት ግራም ነው?

አሜሪካ የገባ ሰው ከኪሎና ከሊትር ወደ ፓውንድና ጋሎን መሻገሩ አይቀርም። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ሌላ ጣጣ ይጠብቀዋል፦ በዚህ አገር የምግብ አሠራር ዱቄቱም፣ ስኳሩም፣ ቅቤውም የሚሰፈረው በኩባያ ነው። ይህ ኩባያ ሻይ የሚጠጣበት ሳይሆን 237 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ መስፈሪያ ነው።

«አንድ ኩባያ ስንት ግራም ነው?» ብለው ሲጠይቁ ለሁሉም አንድ ቁጥር የሚነግርዎትን አይመኑ። ውኃ 237 ግራም፣ ስኳር 200፣ ማር 340 ያህል ይመዝናል፤ የስንዴ ዱቄት ግን 120 ነው። ሠንጠረዥ ከመፈለግዎ በፊት የገዙትን ከረጢት ያገላብጡ። የምግብ ይዘቱ በተዘረዘረበት ሣጥን ውስጥ የአንድ ጊዜ ድርሻ በኩባያም በግራምም ተጽፏል። የስንዴ ዱቄት ላይ አብዛኛውን ጊዜ «1/4 ኩባያ (30 ግራም)» ይላል፤ በአራት ሲያባዙት 120 ይሆናል። ለታሸገ የጤፍ ዱቄትም የራሱን ከረጢት ማየት ይሻላል።

እናትዎ ድፎ ዳቦ የሚያቦኩት በአንድ ኪሎ ዱቄት ነው እንበል። 1,000ን ለ120 ሲያካፍሉ ስምንት ኩባያ ከሲሶ ያህል ይመጣል። ችግሩ ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ከትተው ጠቅጥቀው ሲያወጡት ነው፤ ያኔ አንዱ ኩባያ 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። ሩብ ኪሎ ትርፍ ዱቄት ገባ ማለት ነው፤ ሊጡ ቢደርቅ እርሾውን አይውቀሱ። ዱቄቱን በማንኪያ እያላሉ ይጨምሩና አፉን በቢላዋ ጀርባ ይላጩት።

ቅቤ ቀላል ነው። የሚሸጠው «ስቲክ» በሚባል ረጅም ቁራጭ፣ በዘንግ ተጠቅልሎ ነው። አንዱ ዘንግ ግማሽ ኩባያ፣ ማለትም 113 ግራም ነው፤ አራቱ አንድ ፓውንድ፣ 454 ግራም ይሆናሉ። ለማንጠር ጨው የሌለበትን ይምረጡ።

አውንስ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የክብደት ሲሆን 28 ግራም ገደማ ነው፤ ሌላው የፈሳሽ ሲሆን 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። በውኃ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፤ በማር ላይ ግን ይታወቃል። ማር የሚሸጠው በክብደት ነው፤ 12 አውንስ ማር አንድ ኩባያ እንጂ አንድ ኩባያ ተኩል አይሞላም። ጠጅ ለመጣል ማሩንና ውኃውን በመስፈሪያ የሚለኩ ከሆነ አንድ ኪሎ ማር 700 ሚሊ ሊትር ብቻ መሆኑን አስበው ይግዙ።

ከአገር ቤት የተላከ በርበሬና ሽሮ ጽሑፍ የለውም። ለዚያ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ይግዙ። ባዶውን ኩባያ አስቀምጠው ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ሚዛኑ ከአውንስ ወደ ግራም መዞሩንም ይመልከቱ። ከዚያ በርበሬውን ሞልተው የሚያነቡትን ቁጥር በዕቃው ክዳን ላይ ይጻፉት። ቀጣዩ በርበሬ ሲመጣ እንደገና ይመዝኑ፤ የአንዱ ወፍጮ ከሌላው ይበልጥ አድቅቆ ይፈጫል።